ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀት ላይ የተጻፈ የሐረር ቁርኣን

ወረቀት፣ ቀለም፣ የተደጎሰ ቆዳ፤ 18ኛው–19ኛው ክፍለ ዘመን

ጽሕፈቱም ጥረዛውም የሐረር ነው፤ ወረቀቱ ግን መንገደኛ ነው። እንዲህ ባሉ የሐረር መጻሕፍት ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብዙ ጊዜ ሦስት ጨረቃዎች ተሰልፈው ይታያሉ። የኢጣሊያ ወረቀት ሠሪዎች ለኦቶማን ገበያ ያወጡት የውኃ ምልክት ነው። ወረቀቱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዘይላ ወደብ በኩል በግመል በግንብ ወደታጠረው የሐረር ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ ይገባ ነበር።

የግብፅና የሕንድ ሸቀጥ የሚገናኝባት ጅዳ የዚህ ባሕር ትልቅ ገበያ ነበረች። ለመካ ወደብነት የመረጧት ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን በ647 እ.ኤ.አ. ናቸው። ከዚያ በፊት፣ በ615 ገደማ፣ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሲሰደዱ የተሳፈሩት ከጅዳ በስተ ደቡብ ካለችው ሹዐይባ ነው። ሐጃጁም ነጋዴውም በዚሁ ውኃ ተመላልሷል።

ጎብኚ ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በቆዳው መሐል ባለው ጌጥና የገጾቹን ዳር በሚሸፍነው ምላስ ላይ ነው። ጽሕፈቱ ግን ይበልጥ ያስገርማል፦ የአንዳንድ የሐረር ቁርኣኖች ፊደል ከሕንዱ የቢሃሪ አጻጻፍ ጋር ይቀራረባል። ሐረር ከዐረብ ምድር ብቻ ተምራለች ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የእስልምና የእጅ ጽሑፎችን ይጠብቃል። በ1162 ሒጅራ (1749) የተጻፈ ሌላ የሐረር ቁርኣን በለንደኑ የኸሊሊ ስብስብ ይገኛል። ብዙዎቹ የሐረር ቁርኣኖች ወቅፍ ነበሩ፤ ለአንባቢ የተሰጡ፣ የማይሸጡ።