ዜና ሰማየ ጅጅጋ

በ1969 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ሐምሌ፣ የሶማሊያ ጦር ድንበር አልፎ ወደ ኦጋዴን ገባ። ታንኩ ብዙ ነበር፤ መድፉም ብዙ ነበር፤ በላዩም ሚግ-17 እና ሚግ-21 የተባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሩት። ያ ዓመት ለኢትዮጵያ የመከራ ዓመት ነበር። በአዲስ አበባ ወንድም ወንድሙን በአደባባይ ይገድል ነበር፤ በኤርትራ ከተሞች አንድ በአንድ ከመንግሥት እጅ ይወጡ ነበር፤ መሣሪያ ትሰጥ የነበረችው አሜሪካም እጇን ሰብስባ ነበር። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ይህን ሁሉ አይቶ ጊዜው የእርሱ መሰለው።

በዚያው ወር በ6ኛው ቀን፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን በጎዴ ተገደሉ። እኚህ ሰው ስዊድናዊ ነበሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀልን አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኛ አመላልሰዋል፤ ከድል በኋላም በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጅተው ለአሥር ዓመት ያህል መርተዋል። በዚያ ሐምሌ 67 ዓመታቸው ነበር። ወደ ጎዴም የሄዱት ለችግረኛ እርዳታ ለማድረስ እንጂ ለጦርነት አልነበረም። የዘረጉት ትምህርት ያፈራቸው አብራሪዎች ግን በዚያው ሰሞን ታጥቀው ተነሡ።

አብራሪዎቹ የተነሡባቸው አውሮፕላኖች ኤፍ-5 ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመጡ ናቸው፤ ኤፍ-5 ኢ የተባሉት አዲሶቹ ግን ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነበር የደረሱት፤ ቁጥራቸውም ከታዘዘው በታች ነበር። ከጅጅጋ በላይ፣ በካራማራ ተራራ፣ ራዳር ቆሞ ነበር። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የሁለቱ ሀገሮች ተዋጊዎች በኦጋዴን ሰማይ ተገናኙ። የራዳሩ ሰው ጠላት ከየት አቅጣጫ፣ በምን ከፍታ እንደሚመጣ በሬዲዮ ይናገራል፤ አብራሪውም ከጀርባው ገብቶ ሚሳይሉን ይለቃል። ለገሠ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ አሸናፊ ገብረ ጻድቅ፣ በዛብህ ጴጥሮስና ሌሎችም ባልንጀሮቻቸው በዚያ ውጊያ ስማቸው የተጠራ ናቸው። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ የሶማሊያ አየር ኃይል በሰማዩ ላይ የነበረውን ኃይል አጣ።

ስለዚህ ድል የጻፉ የውጭ ሰዎች ስለ አውሮፕላኑ ዓይነት ብዙ ይከራከራሉ። ሚግ-21 ፈጣን ነው፤ ኤፍ-5 ዝቅ ብሎ በመታጠፍ ይበልጣል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ይህን ዜና የሚጽፍ ሰው ግን የበለጠውን ክብር ለሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ ለዓመታት በተከታታይ የተደረገ ልምምድ፣ ሁለተኛው ስማቸው ያልተጠራ የመሬት ባለሙያዎች። ግዳጁን ጨርሶ የተመለሰ አውሮፕላን ነዳጅ ተሞልቶለት፣ ቦምብና ጥይት ተጭኖለት እንደገና የሚነሣው በመካኒኩና በአስታጣቂው እጅ ነው። መለዋወጫ በተቋረጠበት ዓመት አውሮፕላንን ለበረራ ማድረስ ምን ማለት እንደ ሆነ የሠራው ያውቀዋል። የቀድሞ ባለሙያዎች በተገናኙ ቁጥር ከአየር ፍልሚያው ይልቅ ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬንና ስለ ሞተር ረጅም ሰዓት ቢያወጉ አያስገርምም፤ ጦርነቱን በእጃቸው የዳሰሱት በዚያ በኩል ነውና።

ነሐሴ 11 ቀን የሶማሊያ ታንኮች ወደ ድሬዳዋ ደረሱ። የአየር ማረፊያው እየተደበደበ አውሮፕላኖች ተነሥተው ታንኮቹን መቱ፤ ከተማይቱም ዳነች። ጅጅጋ ግን አልዳነችም። በኢትዮጵያ ጦር መካከል ሁከት ተነሥቶ ነበርና በ1970 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ መግቢያ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ከተማይቱ ተያዘች። ካራማራም ተያዘ፤ በተራራው የሚያሻግረው የማርዳ በርም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጠላት ወደ ሐረር ሲገፋ የስንቁን መንገድ ከሰማይ የሚመቱት አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ሐረርም እስከ ጥር ድረስ በጭንቅ ኖረች፤ እጅ ግን አልሰጠችም።

አሁን ስለ ሸደር እንናገራለን፤ ዜና መዋዕል ስለ ነገሥታትና ስለ ጭፍሮች ሲጽፍ ከሰማዩ በታች ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ ረስቶታልና። ሸደር ከጅጅጋ በሰሜን ምሥራቅ፣ ተፈሪ በር ወደምትባለው ወደ አውበሬ በሚያደርሰው በኩል ያለች ናት። የሀገሩ ሰው ሶማሌ ነው፤ ከብትና ግመል ያረባል፤ ማሽላ ይዘራል። በዚያ ዓመት የአንዱ መንግሥት ጦር ነጻ አወጣሁህ አለው፤ የሌላው መንግሥት አውሮፕላን ደግሞ በላዩ አለፈ። የጄት ድምፅ ከጄቱ በኋላ ይመጣልና መንጋ የሚጠብቅ ልጅ ቀና ብሎ ሲያይ የሚያልፈው አልፎ ነበር። ዘመዱ በሁለቱም ወገን ነበር። የአብራሪዎቹን ጀግንነት የሚጽፍ ሁሉ የዚህን ሰው ፍርሃትም አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።

በኅዳር የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በአየርና በባሕር መጣ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር የማርዳን በር ፊት ለፊት ብቻ አልገጠመም፤ ተራራውን በሰሜን በኩል ዞሮ ወረደ፤ ሄሊኮፕተሮችም ቀላል የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ማዶ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970፣ በዕለተ እሑድ፣ ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ከአራት ቀን በኋላም ዚያድ ባሬ ጦሩ ከኦጋዴን እንዲወጣ ማዘዙን አወጀ።

የጦርነቱ ዜና በዚህ ቢፈጸም ለጸሐፊው በቀለለው ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ነበሩ። ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በጠላት እጅ ወድቀው ነበር። ምርኮው 11 ዓመት ሆነ። በቢሾፍቱ ካምፕ ከነበሩት ቤቶች መካከል ባል የተሰዋበት ቤት ነበር፤ ያ ቤት አልቅሷል፤ ተዝካር አውጥቷል፤ ጎረቤትም መጥቶ አጽናንቷል። የተማረከበት ወይም ወሬው የጠፋበት ቤት ግን ለኀዘን ሥርዓት የለውም። ጥቁር ቢለብሱ በሕይወት ያለን ሰው መቅበር ይሆናል፤ ባይለብሱ ደግሞ ጎረቤት ምን ብሎ ይጠይቃቸው? ልጅ ያለ አባት ፊደል ይቆጥራል፤ አሥረኛ ክፍል ይደርሳል፤ የተማሪ ቤት ቅጽ ላይ አባት በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለውን መሙላት አለበት። የምርኮኛ ቤተሰብ ጦርነቱ የካቲት 26 ቀን አላለቀለትም። እኔ የዚያን ጊዜውን ድል ትልቅነት ሳስብ ይህን የ11 ዓመት ትዕግሥት ከድሉ በታች አድርጌ አልቆጥረውም።

በ1980 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መጋቢት 25 ቀን፣ የኢትዮጵያው መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ። ምርኮኞች በየሀገራቸው እንዲመለሱ፣ አንዱም የሌላውን ተቃዋሚ እንዳይረዳ ተዋዋሉ። በነሐሴ ከ3 ሺህ 500 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል አማካይነት ተመለሱ፤ በእጃችን የነበሩ ሶማሌዎችም ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄዱ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የታሰረው ኩባዊው መኮንን ኦርላንዶ ካርዶሶም በዚያ ወር ተፈታ። ለገሠ ተፈራም ለሀገራቸው በቁ፤ ከፍተኛውን የጀግና ሜዳሊያ ተቀበሉ፤ ብርጋዴር ጄኔራልም ሆኑ።

በዚህ ውል ግን ሌላ ጥፋት መጣ። በኢትዮጵያ ምድር ተጠግቶ የነበረው የሰሜን ሶማሊያ ተቃዋሚ ጦር መጠጊያውን እንደሚያጣ አውቆ በግንቦት ወደ ቡርዖና ወደ ሐርጌሳ ገባ። ዚያድ ባሬም የገዛ ከተማውን በአውሮፕላን አስደበደበ። አሕመድ መሐመድ ሐሰን የተባለ የሶማሊያ አብራሪ ሐርጌሳን እንዲመታ ሲታዘዝ እምቢ ብሎ በሐምሌ ወር ሚግ-17ቱን ወደ ጅቡቲ ይዞ ሄደ። ይህ ሰው የእኛ ወገን አልነበረም፤ ሆኖም ስለ አብራሪዎች ክብር በሚጻፍ ዜና ውስጥ ስሙ ካልገባ ዜናው ጎዶሎ ነው። ከሐርጌሳ የሸሸውም ሕዝብ በእግሩ ወደ ጅጅጋ አውራጃ ፈሰሰ። ሐርቲሼክ በጊዜው ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ። የቀድሞ ምርኮኛ በሻሸመኔ ወይም በጎንደር ለዘመዶቹ መከራውን ሲያወራ፣ ያንኑ ውል ተከትሎ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በአውበሬና በሐርቲሼክ ድንኳን ይተክል ነበር። ከ20 ዓመት በኋላም፣ በ2000 ዓመተ ምሕረት፣ ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ለሸሹ ሌሎች ስደተኞች በሸደር መጠለያ ተከፈተ።

በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ ትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ የወደቁ ኩባውያን ፎቶግራፎችም በዚያ አሉ። የካቲት 26 በመጣ ቁጥር የቀድሞ ወታደሮች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይሰበሰባሉ፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው የሚገባውን ሁሉ አሁን ይጠይቋቸው።

ስለ በዛብህ ጴጥሮስ ደግሞ ይህን እንጽፋለን። በኦጋዴን ሰማይ ከተዋጉ በኋላ በሰሜኑ ጦርነት በኤርትራ ተዋጊዎች እጅ ወድቀው ደርግ እስኪወድቅ ታስረው ኖሩ። ተፈትተውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በ1990 ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ከኤርትራ ጋር በተነሣው አዲስ ጦርነት ወደ አሥመራ ሲበሩ ተመትተው ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ፤ በሕይወት ሲያዙም ታይተዋል። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሳቸው የኤርትራ መንግሥት በይፋ የተናገረው ነገር የለም። በሐምሌ 2010 የሁለቱ ሀገሮች መሪዎች በአሥመራ ሲተቃቀፉ ብዙ ሰው በዛብህስ ብሎ ጠየቀ፤ መልስ አልመጣም። ሞተው ከሆነ መቃብራቸው የት እንደ ሆነ፣ በሕይወት ካሉም የት እንዳሉ ለቤተሰባቸው ይነገር ዘንድ ይህን ዜና የጻፈ ሰው ሁለቱንም መንግሥታት ይለምናል።