የሱሉልታ መንገድና ኦፔራ የሌላቸው አልጋ ወራሽ

ነገሩ ከባሕር ማዶ ተነስቶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚደርስ ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

ባሕር ማዶ ኦፔራ የሚሉት ቴአትር አለ፤ ሰው ሲጣላም ሲታረቅም ሲሞትም የሚዘፍንበት። ዱሮ ባብዛኛው ስለ አማልክትና ስለ ጥንት ነገሥታት ነበር የሚዘፈነው፤ ከዚያ ከ40 ዓመት ወዲህ ገደማ ደራሲዎቹ ግማሹ ሕዝብ የሚያደንቀውን፣ ግማሹ የሚረግመውን የዘመናቸውን ሰው መድረክ ላይ ያወጡት ጀመር። ታዲያ ከነዚህ ሰዎች ሦስቱ አዲስ አበባን የረገጡ ናቸው።

አንዱ ማልኮም ኤክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ እኛ አገር መጣ፣ በማግሥቱ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ በጥይት ተገደለ፣ ከዚያ በ1986 አንተኒ ዴቪስ የሚባል የሙዚቃ ሊቅ ሕይወቱን ኦፔራ አደረገው። ሁለተኛው ሪቻርድ ኒክሰን፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ በ1957 መጥቶ በጃንሆይ ዘንድ በክብር ተስተናገደ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከዚያም በዋተርጌት ጉድ ሥልጣኑን ለቀቀ፣ በ1987 ደግሞ እሱ በሕይወት እያለ ጆን አዳምስ ስለ ቻይና ጉዞው ያቀናበረው ኦፔራ ሂውስተን ላይ ታየ። አውሮፕላኑ መድረኩ ላይ ቤጂንግ ያርፋል፣ ኒክሰን ደረጃውን ይወርዳል፣ የቻይናውን ጠቅላይ ሚኒስትር የቹ ኤንላይን እጅ ይጨብጣል፣ እና መዝፈን ሲጀምር ልቡ ያለው እዚያው አይደለም፤ አገሩ ላይ ሰው በቴሌቪዥን እንዴት እያየኝ ይሆን የሚለው ነው የያዘው። ሰውዬውን ከዚህ በላይ ያጋለጠው መርማሪ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ጋዳፊ ነው፤ በ2006 ለንደን ላይ ኦፔራ ተሠራበት። ከ3 ዓመት በኋላ ዘውድ የደፉ ባህላዊ አለቆች አስከትሎ አዲስ አበባ መጣና የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር ሆነ፣ የአፍሪካ ንጉሠ ነገሥት ተብሎም ተጠራ። ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደ አገር ይህን ማለት መቼም ድፍረት ነው፤ እንለፈው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ ስለ ቅዱስ ያሬድ ኦፔራ ጀምሮ ከፊሉን አሰምቷል። እግዜር ይስጠው። ግን ቅዱስን ማን ይጣላዋል? የሚያጣላ ሰው ከፈለጋችሁ ከአዲሱ ገበያ ተሳፈሩ።

እንጦጦን ወጥታችሁ፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቃችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሱሉልታ ትቀበላችኋለች፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ የድርቆሽ ክምር የሚደረደርበት ብርዳም ሜዳ። በቡራዩ ብትወጡ አምቦ፣ በሰበታ ብትወጡ ጅማ ትሄዳላችሁ፤ በሱሉልታ ግን ጫንጮን፣ ሙከጡሪን አልፋችሁ፣ ደብረ ሊባኖስን በቀኝ ትታችሁ ፍቼ ትገባላችሁ። ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ እጅ ታስረው የነበሩት እዚያ ነው።

ታሪካቸውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሁላችንም የምናውቀው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የምኒልክ የልጅ ልጅ፣ የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ፣ ገና በአፍላነታቸው ወራሽ የተባሉ፣ ቤተ መንግሥት መቀመጥ የማይወዱ። ሰለሙ ተባለ፤ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍም ወጣ፣ ፎቶግራፉ ተቀናብሮ ነው የሚሉም አሉ። ክርስቲያኑንና እስላሙን እኩል ሊያቅፉ ነበር የሚል አለ፣ አገር ሊያፈርሱ ነበር የሚል አለ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣሊያንም ከጀርመንና ከቱርክ ጋር ተወዳጁ ብለው ጠመዷቸው። ከዚያ በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን፣ እሳቸው ሐረርጌ ሳሉ አቡነ ማቴዎስ የሕዝቡን መሐላ ፈቱና ተሻሩ። ከዚያ አባታቸው ጦር ይዘው መጡ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ስንት ሺህ ወንድማማች ተላለቀ፣ አባትየውም ተማረኩ። ልጅየው አፋር በረሃ ሲንከራተቱ ቆዩና በ1913 ትግራይ ላይ ተያዙ፣ ከዚያ ፍቼ።

አሥራ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ። በ1924 ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አመለጡ፤ የሴት ቀሚስ ለብሰው ነው የወጡት ይባላል። እስቲ አስቡት፤ ከኋላ ሱሉልታና ቤተ መንግሥቱ፣ ከፊት የዓባይ በረሃ፣ ከበረሃው ማዶ ጎጃምና ገዥው ራስ ኃይሉ። ግን ብዙም ሳይርቁ ተያዙ፣ ራስ ኃይሉም እጃቸው አለበት ተብለው ተፈረደባቸው፣ ኢያሱ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱና በ1928 እዚያው አለፉ። ዘውድ ሳይጭኑ።

ይህን የሚጽፍ ልጅ ቢነሳ ከቤተ መንግሥት አይጀምር፤ ከፍቼ ይጀምር፣ ከቀሚሱ። ተራኪ ሆኖ የሚቆመውም አለለት፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ጀርመን አገር ሄዶ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው፣ የኢያሱ ወዳጅ። ለኒክሰን ዘፋኝ ተፈልጎ ነው የተገኘለት፤ ለኢያሱ ግን ዘፋኛቸው ከመጀመሪያው ታሪኩ ውስጥ ነበር። ኦርኬስትራ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ መሰንቆ ማን ይከለክላል።

አንድ አደራ ብቻ። ምርጡን ዜማ ለኢያሱ ብቻ እንዳይሰጥ፤ መሐላ ለሚፈቱት አቡንም፣ በኢያሱ ምትክ ለነገሡት ለዘውዲቱም፣ አልጋ ወራሽ ለተባሉት ለተፈሪም ልብ የሚበላ ዜማ ይድረሳቸው፣ አድማጩ ለማን እንደሚያለቅስ ይጨነቅ። ያን ጊዜ እኛም ከሱሉልታም ከቡራዩም ከሰበታም ሚኒባስ ተኮናትረን እንሄዳለን፣ ስንመለስም እስከ ቤታችን ደጃፍ እንሟገታለን።