ሐዲዱና ውሉ

ድንበር አቋርጦ የሚሄድ የምድር ባቡር በሁለት ነገር ይቆማል፤ አንደኛው በምድር ላይ የሚዘረጋው ሐዲድ፥ ሁለተኛውም በወረቀት ላይ የሚጻፈው ውል ነው። ሐዲዱን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ውሉን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የጂቡቲንና የአዲስ አበባን መሥመር ታሪክ ከውሉ ጀምረን እንመልከት።

ምድር ባቡር ከመምጣቱ በፊት ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናና የዝሆን ጥርስ፥ ከባሕርም የሚወጣው ጨርቅና መሣሪያ በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ ስለ ነበር፥ ጉዞው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ችግር ተመልክተው በ1886 ዓመተ ምሕረት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ሥራውም በ1890 ከጂቡቲ ተጀመረ።

ዳሩ ግን ለኩባንያው ገንዘቡ አልበቃውም። በ1894 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የገንዘብ እርዳታ ባገኘ ጊዜ፥ ከእርዳታው ጋር የዚያ መንግሥት ሥልጣን አብሮ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ለንግድ የሰጡት ፈቃድ ለባዕድ መንግሥት መግቢያ ሆኖ ስላገኙት፥ በ1895 ድሬ ዳዋ የደረሰው ሐዲድ ወደ ፊት እንዳይቀጥል ከለከሉ። ኩባንያው ከሰረ። በ1899 ደግሞ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ፥ ኢትዮጵያ ሳትፈርም፥ በምድሯ ስለሚያልፈው የባቡር መሥመር ጭምር በለንደን ተዋዋሉ። በ1900 አዲስ ውል ተጽፎ ሌላ ኩባንያ ቢቋቋምም፥ ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከመጀመሪያው ፈቃድ እስከዚያ ድረስ 23 ዓመት አልፏል፤ ምኒልክም ይህን ሳያዩ በ1906 ዐርፈው ነበር።

መሥመሩ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የጥንቷ የንግድ ከተማ ሐረር በተራራዋ ምክንያት ከሐዲዱ ርቃ ስትቀር፥ በሜዳው ላይ ድሬ ዳዋ ተቆረቆረች። የመሐንዲስ እርሳስ ባለፈበት ገበያ ይቆማል፤ ባላለፈበት ግን ይቀዘቅዛል።

ውሉ የተቃናው ቀስ በቀስ ነው። በ1952 ኢትዮጵያ የኩባንያውን እኩሌታ ድርሻ አገኘች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በ2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ የጀመረውን፥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደውን አዲሱን ባቡር የሚያስተዳድረው ኩባንያ ደግሞ የሁለቱ አገሮች ነው፤ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፥ 25 በመቶው የጂቡቲ ነው።

እንግዲህ ወደ ሌሎች ጎረቤቶቻችን ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያቅድ ሁሉ፥ የብረቱን ዋጋ ከመቍጠሩ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ማን ነው? መሥመሩን የሚያዝዘው ማን ነው? ባቡሩ ሳይቆም የሚያልፋቸው ከተሞችስ ምን ያገኛሉ? ሐዲድ ቢያረጅ በሌላ ሐዲድ ይተካል፤ የ99 ዓመት ውል ግን ከፈራሚው አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።