አንድ ትርፍ ድምፅ

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ ክርክር ይዘን ነበር። አንዱ ጓደኛችን «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማለት ዘውድ ያልጫነ ንጉሥ ነው፤ ሲፈልግ ይታረቃል፣ ሲፈልግ ይዋጋል፣ ማን ይከለክለዋል?» አለ። ሌላው ደግሞ «ፓርቲዎቹ በውጭ ጉዳይ አንድ ናቸው፤ ጠባቸው ለታይታ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱም የዘነጉት አንድ ታሪክ አለና እሱን ለማንሣት ነው ይህችን መጻፋችን። ታሪኩ የጂሚ ካርተር ነው። የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል እንጂ የእኛዋ ጅጅጋም በመካከሉ አለችበት። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው፤ የራሳችንን ስንጠራ «ዓ.ም.» ብለን እንለየዋለን።

የነገሩ ሥር የፓናማ ቦይ ነው። በኖቬምበር 1903 ፓናማ ከኮሎምቢያ ተገነጠለች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አሜሪካ የቦዩን ወሰን ለዘለዓለም የምትይዝበት ውል ተፈረመ። በፓናማ ስም የፈረመው ሰው ግን ፓናማዊ አልነበረም፤ ቡኖ ቫሪያ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በገዛ አገርህ ላይ ሌላው ፈርሞልህ ስታየው ምን ትላለህ? ፓናማውያን ስድሳ ዓመት ብለውታል። በጃንዋሪ 1964 ተማሪዎች፣ አዎን ተማሪዎች፣ የአገራቸውን ባንዲራ በቦዩ ወሰን ውስጥ ካለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ሊሰቅሉ ሄዱ። ባንዲራው ተቀደደ፣ ረብሻው ከተማውን አዳረሰ፤ ከ20 በላይ ፓናማውያንና 4 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ነው ዋሽንግተን ለድርድር የተቀመጠችው። ዴሞክራቱ ጆንሰን ጀመረው፣ ሪፐብሊካኖቹ ኒክሰንና ፎርድ ቀጠሉት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውሉ የአንድ ፓርቲ ልጅ አይደለም።

ይሁን እንጂ በ1976 ሮናልድ ሬገን ከገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ከፎርድ ጋር ለእጩነት ሲፎካከሩ አንድ ነገር አገኙ። ስለ በጀት ሲናገሩ ዝም የሚለው ሕዝብ «ቦዩ የእኛ ነው» ሲሉ ከመቀመጫው ይነሣል። በዚያው ዓመት በማርች በሰሜን ካሮላይና አሸነፉ። እጩነቱን ባያገኙም ቦዩ የክርክር ገበያ ላይ ወጥቶ ቀረ።

ካርተር በጃንዋሪ 1977 ሥልጣን ሲይዙ ይህን እሳት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ አደረጉት። በሴፕቴምበር 7 ቀን ከጄኔራል ኦማር ቶሪሆስ ጋር ፈረሙ። ቦዩ በ1999 መጨረሻ ለፓናማ እንዲመለስ፣ ከዚያ በኋላም ገለልተኛነቱን አሜሪካ እንድትጠብቅ ተስማሙ። መፈረሙ ቀላል ነበር። ከባዱ ሴኔት የሚባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው። ከ100 አባላት ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 67ቱ ካልተስማሙ ውል ውል አይሆንም። ዊልሰንን በ1919 እና በ1920 የጣላቸው ይኸው ቁጥር ነው፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ፈጥረው ሲያበቁ አገራቸውን ሊያስገቡበት አልቻሉም። ካርተርም ቢቆጥሩ ቢቆጥሩ የዴሞክራቶቹ ድምፅ አይበቃም። ከእነሱው መካከል እንደ አላባማው ጄምስ አለን ያሉ ውሉን አጥብቀው የሚቃወሙ ነበሩ። ስለዚህ ቁልፉ በተቃዋሚው መሪ በሃዋርድ ቤከር እጅ ገባ።

ቤከር የቴነሲ ሰው ናቸው። ሪፐብሊካን ናቸው፤ ደግሞም በ1980 ፕሬዚዳንት ለመሆን ያስባሉ። ውሉን ቢቃወሙ የፓርቲያቸው ጭብጨባ በነፃ ይመጣላቸዋል። እሳቸው ግን በጃንዋሪ 1978 ወደ ፓናማ ሄደው ከቶሪሆስ ጋር ተቀመጡና በግልጽ ነገሯቸው፤ እንዳለ አያልፍም፣ አሜሪካ ቦዩን የመከላከል መብቷ በጽሑፍ ይግባ። ከዴሞክራቶቹ መሪ ከሮበርት በርድ ጋር ሆነው ማሻሻያውን አዘጋጁ። አንዳንዶቻችን «ተቃዋሚ» ሲባል አንገቱን የሚነቀንቅ ሰው ብቻ ነው የሚታየን። ቤከር ግን የተቃዋሚነታቸውን ዋጋ አስከፈሉ፣ ከዚያም ዕቃውን አስረከቡ።

መቼም ያ ክርክር የማያሳየው ነገር አልነበረም። የቀኙ ወገን ታላቅ ጸሐፊ ዊልያም በክሊ ውሉን ደግፈው ከሬገን ጋር በቴሌቪዥን ተከራከሩ። የካውቦይ ፊልሙ ጆን ዌይን ሳይቀር ለውሉ ቆመ። የካሊፎርኒያው ሴናተር ሃያካዋ በምርጫ ቅስቀሳቸው ጊዜ ቦዩን «በአግባቡ ነው የሰረቅነው» የሚል ቀልድ ጣል አድርገው ነበር፤ የቋንቋ ትርጉም መምህር ናቸውና ቃሉን ሳያውቁ አልተናገሩትም። እሳቸውም በመጨረሻ ድምፃቸውን ለውሉ ሰጡ። የአሪዞናው ዴኒስ ዲኮንሲኒ ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሆነው ሳለ ቦዩ ከተዘጋ አሜሪካ በፓናማ ምድር ጦር ታሰልፍ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስገቡ። ፓናማ ተቆጣች። ወዳጅ ያመጣው ጣጣ ከተቃዋሚው የባሰ ሆነና በኤፕሪል ሌላ አንቀጽ ተጽፎ ማለዘብ ግድ ሆነ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ካርተር ሥልጣን በያዙ በአንድ ወር ገደማ፣ በፌብሩዋሪ 1977፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሳይረስ ቫንስ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ፣ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠው ወታደራዊ እርዳታ እንደሚቀነስ አስታወቁ። ደርግም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያና ሌሎችንም የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሶቪየት ኅብረት መሣሪያ አጎረፈች፣ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጡ። ይህንን ሁሉ እኛ ከአባቶቻችንና ከታላላቆቻችን አፍ የሰማነው በዘመቻው በኩል ነው፤ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ የማን እናት ጥቁር ለበሰች። በዋሽንግተን በኩል ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው።

የፕሬዚዳንቱ የጸጥታ አማካሪ ብሬዚንስኪ የጦር መርከብ ጓድ ወደ አፍሪካ ቀንድ ይላክ፣ ሶቪየቶች ዝም አይባሉ አሉ። ቫንስ አይሆንም አሉ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩም ከቫንስ ጋር ቆሙ። መርከቡ ሳይላክ ቀረ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ ተናገሩ። በሳምንቱ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ሴኔቱ ስለ ፓናማ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጠ። እንግዲህ በዚያች ሳምንት አንድ ሴናተር ጋዜጣውን ሲገልጥ በአንድ ገጽ ኩባውያን በሐረርጌ፣ በሌላው ገጽ ቦዩን የመስጠት ነገር ያነባል። ተቃዋሚው ሁለቱን ለማያያዝ ብዙ መድከም አላስፈለገውም፤ «አንዱን እየሰጠ ሌላውን ያስወስዳል» ማለት ብቻ በቂው ነበር።

ቆጠራው 68 ለ32 ሆነ። በኤፕሪል 18 ሁለተኛው ውል ሲቀርብም እንዲሁ 68 ለ32። ከደገፉት ውስጥ 52ቱ ዴሞክራቶች፣ 16ቱ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ትርፉ አንዲት ድምፅ ብቻ! ቶሪሆስ በዚያው ዕለት፣ ውሉ ቢወድቅ ኖሮ ቦዩን ለማጥቃት ተዘጋጅተው እንደነበር ተናገሩ። እውነት ይሁን ለማስፈራራት እሳቸው ያውቃሉ፤ የ1964ቱን ለሚያስታውስ ግን ቀልድ አይመስልም።

ይህችን ድምፅ የሰጡት ሰዎች ምን አገኙ? የሞንታናው ፖል ሃትፊልድ በሟች ቦታ ተሹመው ገና ወራቸው ነበር፤ በጁን የገዛ ፓርቲያቸው መራጭ ጣላቸው። የኒው ሃምፕሻየሩ ማክንታየርና የአይዋው ዲክ ክላርክ በኖቬምበር ወደቁ። ሌላም ምክንያት አልጠፋም፣ ቦዩ ግን ከሁሉም አንገት ላይ ታስሮ ነበር። በምክር ቤቱ ወለል ላይ ውሉን የመሩት የአይዳሆው ፍራንክ ቸርች ደግሞ መጪው ምርጫ አስጨንቋቸው በኦገስት 1979 ኩባ ውስጥ የሶቪየት ብርጌድ ተገኘ ብለው አወጁ። በኋላ ሲጣራ ብርጌዱ ከ1962 ጀምሮ እዚያው የነበረ ነው። አልጠቀማቸውም፤ በ1980 በጥቂት ሺህ ድምፅ ተሸነፉ። ጉዳቱ ግን ለሌላ ተረፈ።

እሱም የኑክሌር መሣሪያን የሚገድበው ሁለተኛው የሳልት ውል ነው። ካርተርና ብሬዥኔቭ በጁን 1979 ቪየና ላይ ፈረሙት። የዓለም ሕይወት የተንጠለጠለበት ውል፤ ከአንድ ቦይ ጋር ይመዘናል? እሱም 67 ድምፅ ይፈልጋል። ቤከር በዚህ ጊዜ እምቢ አሉ። በውሉ ይዘት ላይ ያነሡትን ተቃውሞ ሐሰት አንለውም። ነገር ግን አንድ የተቃዋሚ መሪ በአንድ ዘመን ስንት ጊዜ ከወገኑ ተለይቶ ይቆማል? ካርተር የቤከርን ድፍረት በፓናማ ላይ ጨርሰውታል፤ ኦጋዴን የጣለው ጥርጣሬና የቸርች ብርጌድ የቀረውን በሉት። በዲሴምበር ሶቪየቶች አፍጋኒስታን ገቡ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1980 ካርተር ውሉ ይቆይልኝ ብለው ሴኔቱን ጠየቁ፤ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ብሬዚንስኪ በኋላ በጻፉት ማስታወሻ የሳልትን መቃብር ኦጋዴን ላይ አድርገውታል። ለእኛ ይህ እንግዳ ንግግር ነው፤ ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ የተቀበሩት የእኛ ሰዎች እንጂ ወረቀት አልነበረምና።

ሬገን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የፓናማን ውል አልነኩም። ያልጸደቀውን የሳልትን ገደብ እንኳ እስከ 1986 ድረስ አከበሩት። ቦዩ በዲሴምበር 31 ቀን 1999 ለፓናማ ተመለሰ። በጃንዋሪ 2025 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን ንግግራቸው ቦዩን መልሰን እንወስዳለን ሲሉ፣ የ1976ቱ ጭብጨባ ገና አለመብረዱን ብዙ ሰው አየ።

ቤከርስ? በ1980 ለእጩነት ተወዳደሩ፤ የቦዩን ነገር ወገናቸው አልረሳላቸውምና በማርች ወጡ። በ1987 ግን ሬገን በኢራንና በኮንትራ ቅሌት ተይዘው ቤተ መንግሥታቸው ሲናጋ ጽሕፈት ቤታቸውን የሚመራ የታመነ ሰው ፈለጉ። የጠሩትም ቤከርን ነበር።