ከመለወጣችን በፊት፣ ምን እናምናለን?

 

ረመዳን ሲቃረብ ሁላችንም ያው ነን። «ከዛሬ ጀምሮ ሰላቴን በጀማዓ እሰግዳለሁ፤ ሐሜት እተዋለሁ፤ ጫት አቆማለሁ» እንላለን። ኒያው መልካም ነው። ነገር ግን ከመነሳታችን በፊት ልባችንን ፈትሸን እናውቃለን ወይ? ሳንመረምረው የተቀበልነው፣ ከአባቶቻችን ስለሰማነው ብቻ እውነት ያደረግነው ነገር የለም ወይ? ለዚህ ጥያቄ የአካባቢያችን ታሪክ ብዙ ትምህርት አለው።

ዛሬ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በቡናው፣ በኮረሪማውና በእንሰቱ ልምላሜ ላይ ነው። ይህ ምድር ግን ያዘነበትም ዘመን ነበር። በ1890 ዓ.ም. የከፋ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ ያኔ ጊሚራ ይባል በነበረው የቤንች ምድርና በማጂ ሰው እየታደነ ይሸጥ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ ጊሚራ በዘመቱ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ ተወስዷል። በጅማ የነበረው የሂርማታ ገበያም ከቡናውና ከማሩ ጋር ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር።

መራራውን እውነት አንሸሽገው። በዚህ ንግድ ውስጥ ከነበሩት መካከል ሙስሊም ነጋዴዎችም ነበሩ። ከእነሱ መካከል ሰጋጅ፣ ጿሚ፣ ዘካ አውጪ አልነበረም ልንል እንችላለን? አንችልም። ቁርኣን መሐላ ላፈረሰ፣ ሰውን በስህተት ለገደለ፣ ከማካካሻዎቹ አንዱ ባሪያ ነፃ ማውጣት እንደሆነ ደንግጓል። ታዲያ ይህን የሚያነብ ሰው እንዴት ነፃ ተወልዶ የኖረን ሰው ከቤቱ ነጥቆ ሸጠ? መልሱ አንድ ነው። ሥራውን ለውጧል፤ «ይህ ሰው ከእኔ ያንሳል» የሚለውን እምነቱን ግን አልነካውም።

ሕግ መጣ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ ተከለከለ። አዋጅ ግን ገበያን ይዘጋል እንጂ ልብን አይከፍትም!

ከሩቅ ምስክር አልፈልግም። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። በአደንና በከሰል ይተዳደሩ ስለነበር ሌላው ሕዝብ አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም፤ ከቤቱም አያስገባቸውም ነበር። ልጅ ሳለሁ በቤታችን ቡና ሲፈላ፣ ማንጆ ሰው ደጃችን ቢመጣ የሚጠጣው በሲኒ ሳይሆን በኮባ ቅጠል ነበር። ቅጠሉን ቆርጬ የማመጣው እኔ ነበርኩ። የቁርኣን ምዕራፎችን በቃሌ አጥንቼ፣ ሌሎችን ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ «ለምን?» ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ስለ ቢላል (ረ.ዐ) ሳስተምር፣ አንድ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ ቢላል እዚህ ቢመጣ በሲኒ ነው በቅጠል የሚጠጣው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ኪታቡን ዘግቼ ወጣሁ።

ያን ማታ የአቡ ዘርን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታወስኩ። አቡ ዘር ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ነው። ነገር ግን አንድን ሰው በእናቱ ዘር ሰደበ። ተሰዳቢው ቢላል ነበር የሚሉ አሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ቅሪት በውስጡ እንዳለ ነገሩት። አቡ ዘር አላስተባበለም፤ አላኮረፈም። ከዚያ በኋላ አገልጋዩን እሱ የሚለብሰውን ዓይነት ልብስ ሲያለብሰው ታየ። ተመልከቱ! መጀመሪያ በልቡ የተሸሸገው እምነት ታወቀ፤ ሥራው ኋላ ተከተለ።

የእስልምና መንገድም ይኸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ 13 ዓመት ከምንም በላይ የደከሙት እምነትን በማስተካከል ነበር። የረመዳን ጾም የተደነገገው ከሂጅራ በኋላ በ2ኛው ዓመት ነው። መጠጥም ፈጽሞ የተከለከለው በመዲና፣ በደረጃ ነው። መሠረቱ ሳይጠብቅ ግድግዳ አልቆመም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ ሆይ! ለመለወጥ ስትነሱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን የማምነው ከአላህና ከመልእክተኛው ደሊል ይዤ ነው ወይስ ከመንደር ወሬ? ይህ እምነት የሚጠቅመው ማንን ነው? እኔ በዚያ ሰው ቦታ ብሆን ፍትሕ ነው እላለሁ? ጥያቄውንም በልጆቻችሁ ፊት ጠይቁ፤ እኛ የዘጋነውን እነሱ ይከፍቱታልና።

በቤቴ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ሲኒው አንድ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሲኒው ሁልጊዜም ረከቦቱ ላይ ነበር፣ የጎደለው ልቤ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ልባችንን ከጃሂሊያ ቅሪት ያጥራልን። አሚን።