ውሃ በመካነ ሰላም ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

የሳይንስ መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ይህ በባሕር ጠለል እውነት ነው። ከባሕር ጠለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቆረቆረችው በመካነ ሰላም ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። በደጋ የባቄላ ንፍሮ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እንግዲህ የቦረና ሕፃን በፈተናው ላይ «91» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሰጠዋል? ያየውን ትቶ የተነገረውን የሚጽፍ ተማሪ ሳይንስ ተምሯል ለማለት ያስቸግራል። (በአዲስ አበባም ቢሆን ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም።)

እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በአንደኛ ደረጃ ከፍ ባሉት ክፍሎች ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ኋላ ትምህርቱ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ሲሆን አንዱ መሰናክል ተነሣ። ሆኖም ቃሉ አማርኛ ሆነ እንጂ ትምህርቱ ከጥቁር ሰሌዳው አልወረደም።

የመሣሪያ እጦት የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልነበረም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በጦርነት ለወደሙ አገሮች መምህራን አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አወጣ፤ ይኸው በ1956 ዓ.ም. በጠርሙስ፣ በጣሳና በሻማ ሙከራ መሥራትን የሚያስተምር ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ዓላማም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከቆርቆሮና ከእንጨት የተሠራ መሣሪያ በመደርደሪያ ላይ ለጎብኚ የሚታይ ከሆነ፣ ከአውራጃው ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ለሚያስተምር መምህር ፋይዳው ምንድን ነው?

የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው እርከን የአካባቢ ሳይንስ መሰጠቱ መልካም እርምጃ ነበር። ለዚህ ትምህርት ምዕራብ ደቡብ ወሎን የሚተካከል ቤተ ሙከራ በቀላሉ አይገኝም። ስሙ ደንቆሮ የተባለው ጫካ አስታውንና ጅብራውን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ይዞ ብዙ ያስተምራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ምድሩ እያቆለቆለ ወደ ዓባይ ይወርዳል። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ድስት ይዞ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ሸለቆው የሚወርድ መምህር፣ በመካነ ሰላም በ91 ዲግሪ የፈላው ውሃ በበረሃው 96 ገደማ እስኪደርስ ሲጠብቅ ያሳያቸዋል።