ወደ ወሎ ደጋ ለረጅም አገልግሎት ስትወጡ ምን ትይዛላችሁ?



ቤተ ክርስቲያናችሁ ወደ መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ወዳሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት አገልግሎት ልትልካችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ባሕር ማዶ ለሚሄድም ብዙው ይጠቅማል። ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የሚያስበው ምን ይጎድለኝ ይሆን ብሎ ነው። በወሎ ግን ከጎደላቸው ይልቅ ይዘውት በሄዱት ነገር የተጎዱ መልእክተኞች ነበሩና አስቀድመን ሁለቱን እንመልከት።

የክራፕፍ ጓዝ

ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ በ1839 (እ.ኤ.አ.) ሸዋ ገባ። በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ጉዞ ጀመረ፤ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ለማግኘትና ከዚያም ወደ ምጽዋ ለመውረድ ነበር። የወሎው ባላባት አዳራ ቢሌ መጀመሪያ ሲያልፍ በደህና ተቀበለው። ነገር ግን ከአንድ ወር በፊት ደብረ ታቦር ላይ በራስ አሊና በደጃዝማች ውቤ መካከል ጦርነት ስለነበረ ወደ ፊት ያለው መንገድ አላስኬድ አለውና ተመለሰ። በመልሱ ያው አዳራ ቢሌ ያዘው፤ ገንዘቡንና ጓዙንም ዘረፈው። ክራፕፍ ምጽዋ የደረሰው በየመንደሩ እየለመነ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ በመልሱ ያስያዘው መጀመሪያ ሲያልፍ የታየው ጓዝ ነው። ከዝርፊያው የተረፈለት ቋንቋው ነበር። አማርኛ ያውቅ ስለነበር ለምኖም ቢሆን መንገዱን ጨረሰ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ወራት ዕቃ ከመግዛት ይልቅ የወሎን አነጋገር፣ ሰላምታና ምርቃት ከአገሩ ልጆች ብትማሩ ይሻላል። አማርኛ አፍ መፍቻችን ነው የምትሉም ብትሆኑ ይህ አይቅርባችሁ፤ አዛውንት ሲመርቅ ምን ተብሎ እንደሚመለስ የማያውቅ እንግዳ በአንድ ቀን ይታወቃል።

የስተርን ወረቀት

ሄንሪ ስተርን ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ለመስበክ ከለንደን የመጣ ነበር። በ1862 ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ትሸጥ ነበር ብሎ ጻፈ። በ1863 ንጉሡ አስደበደቡት፤ የእርሱና የባልደረባው የሮዘንታል ወረቀቶችም ተበርብረው፣ ተተርጉመው በአደባባይ ተነበቡ። ስተርን እስከ ሚያዝያ 1868 ድረስ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈውም ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው መቅደላ አምባ ነው።

ዛሬ ለደጋፊዎቻችሁ የምትልኩት የጸሎት ደብዳቤና በፌስቡክ የምትለጥፉት ፎቶ ከዚያ መጽሐፍ በፍጥነት ይጓዛል። የመካነ ሰላም ልጆች በአዲስ አበባም በውጭ አገርም አሉ፤ ያነቡታል። “በጨለማ ያለ ሕዝብ” እያላችሁ የምትጽፉለት አገር ተድባበ ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር በሳይንት ያለው፣ የታወቁ የእስልምና ሊቃውንትም የወጡበት አገር ነው። አከራያችሁ ፊት ጮክ ብላችሁ ልታነቡት የማትደፍሩትን አትጻፉ።

ልብስና የቤት ዕቃ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ከደሴ በለጋምቦ በኩል ያለው መንገድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ ጢሞቴዎስ እንዲያመጣለት ከእስር ቤት ሆኖ መጠየቁን አስታውሱ (2ጢሞ. 4፥13)፤ ስለ ብርድ ማሰብ መንፈሳዊነትን አይቀንስም። ሁለት ወፍራም ሹራብ፣ ለጭቃው ቦቲ ጫማ፣ ባትሪ፣ በሶላር የሚሞላ ፓወር ባንክ፣ የቁንጫ መድኃኒትና የውሃ ማከሚያ ያዙ። ወደ ዓባይ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ወባ ስላለ አጎበር ጨምሩ። ሁልጊዜ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ለብዙ ወራት የሚበቃ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙ።

ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ግን እዚያው ገበያ ግዙ። ዋጋ ስትጠይቁ ሰው ትተዋወቃላችሁ፤ የለበሳችሁትም የአገሩን ነው።

ማዕድ

ብዙ አገልጋይ ሳይዘጋጅበት የሚሄደው በዚህ ነገር ነው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ አብረው ይኖራሉ፤ በደስታና በሐዘን ይጠራራሉ፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። ጥሩ አስተናጋጅ እንግዳውን የማን ሥጋ እንደሚበላ ሳይጠይቅ አያቀርብም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጳውሎስ በሮሜ 14 እና በ1ቆሮንቶስ 8 የጻፈውን ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር አጥንታችሁ መልሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም እበላለሁ ማለት ነጻነት ቢመስልም ሁለቱንም ወገን ግራ ሊያጋባ ይችላል። በዓቢይ ጾም ወይም በረመዳን ቀን የጥብስ ሽታ ከቤታችሁ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

ቡና ሲጠሯችሁ አቦል ጠጥታችሁ አትሩጡ፤ እስከ በረካ ቁጭ በሉ። ዱአ ሲደረግ በዝምታ መቀመጥ ትችላላችሁ ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። ኅሊናችሁ ካልፈቀደ ግን ቀድሞ በትሕትና ለባለቤቷ መናገር መሐል ላይ ተነሥቶ ከመውጣት ይሻላል።

ወረቀት፣ ገንዘብና ቤተሰብ

የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤና ኮፒዎቻቸው ከእጃችሁ አይለዩ። እንደደረሳችሁ ቀበሌ ቀርባችሁ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የተደበቀ ዓላማ ያለው እንግዳ ማንም አይወድም። ቴሌብርና ባንክ ኔትወርክ ሲጠፋ አይሠሩምና ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ሁሉንም ግን በአንድ ኪስ አታድርጉ።

ከላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር የምትስማሙትን በጽሑፍ አድርጉት፤ ወርሃዊ ድጋፉ፣ የዕረፍት ጊዜው፣ ብትታመሙ ማን እንደሚያመጣችሁ፣ በሌላችሁበት እናትና አባታችሁን ማን እንደሚጎበኝ። ብዙዎች ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚመለሱት በብርዱ ሳይሆን ይህ ሳይነገር ስለቀረ ነው።

መቼ መነሣት?

ክረምቱ ከወጣና መስቀል ካለፈ በኋላ መንገዱ ይደርቃል፤ ከገናና ከጥምቀት በፊት ከደረሳችሁም ከጎረቤት ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ ታገኛላችሁ። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የወቅቱ ማማር ብቻውን አይበቃም፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። ክራፕፍም የተሰናከለው ወደ ፊት ጦርነት ባለበት መንገድ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት እዚያ ላሉት ምእመናን ደውሉ፤ በዋዜማውም ድገሙ። አትምጡ ካሏችሁ ሻንጣው እንደታሰረ ይቀመጥ።